መጻተኛና የአገር በዓል፤ «ማቅለጫው ማሰሮ» የተባለው ተውኔት ሲመረመር

የአንድ አገር ብሔራዊ በዓል፥ በዚያ አገር ለተወለደ ሰው እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፤ መቼና ከማን እንደ ተማረው አያስታውስም። ሰልፉን ገና በሕፃንነቱ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አይቶታል፤ መዝሙሩንም ትርጓሜውን ሳያውቅ ዘምሮታል። ከሌላ አገር መጥቶ ለተቀመጠ መጻተኛ ግን ያው ቀን ካደጉ በኋላ እንደሚማሩት ቋንቋ ነው፤ ቃሉን አጥንቶ ቢናገረው እንኳ አነጋገሩ ከየት እንደ መጣ ያስታውቅበታል። አያቶቹ ያልተዋጉለትን ነጻነት፥ አባቶቹ ያላዩትን ድል ምን ብሎ ያከብራል? ቢያከብርስ ከልቡ ነው ወይስ የባለ አገሩን ፊት አይቶ? ጥያቄው እንዲያው የጨዋታ ጥያቄ አይደለም፤ መንግሥታት የመጻተኛን ታማኝነት በበዓል ቀን በሚይዘው ባንዲራ መለካት ስለሚወዱ፥ መልሱ የብዙ ሰዎችን ኑሮ ይነካል።

ይህን ጥያቄ በመድረክ ላይ ካወጡት ድርሰቶች መካከል ዝናው የገነነው እስራኤል ዛንግዊል የጻፈው «ማቅለጫው ማሰሮ» የተባለው ተውኔት ነው። ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በ1908 ዓ. ም. ኦክቶበር 5 ቀን በዋሽንግተን ከተማ ሲሆን፥ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሳቸው ተገኝተው ተመልክተውታል፤ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ ሲታተምም መታሰቢያነቱ ለእሳቸው ሆኗል። ደራሲው በ1864 ዓ. ም. በለንደን ከተማ፥ ከሩስያ ግዛት ተሰድደው ከመጡ አይሁድ ወላጆች የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። እንግዲህ ስለ አሜሪካ መጻተኛ የጻፈው ከውጭ ሆኖ ነው። ይሁን እንጂ ስደትን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከ1905 ዓ. ም. ጀምሮ ለአይሁድ ስደተኞች መኖሪያ ምድር የሚፈልግ ማኅበር መርቷል፤ ከ1907 ዓ. ም. ጀምሮም ስደተኞችን በቴክሳስ በጋልቨስተን ወደብ በኩል ወደ አሜሪካ ለማስገባት በተደረገው ሥራ ተካፍሏል።

የተውኔቱ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዴቪድ ኪሃኖ የሚባል ወጣት የቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ በ1903 ዓ. ም. በኪሽንየቭ ከተማ በአይሁድ ላይ በተፈጸመው እልቂት ቤተ ሰቡን አጥቶ፥ እሱም ትከሻውን በጥይት ቈስሎ ወደ ኒውዮርክ ይሰደዳል፤ እዚያም ከአጎቱና ከአጎቱ እናት ጋር ይኖራል። አዲሱን አገሩን የሚያመሰግን ታላቅ ሲምፎኒ ይደርሳል። ቬራ የምትባል ሩስያዊት ክርስቲያን ያፈቅራል፤ ዳሩ ግን የእርስዋ አባት በኪሽንየቭ በእልቂቱ ቀን ወታደሮቹን ያዝ የነበረው ሹም ሆኖ ይገኛል። ፍቅሩም ሲምፎኒውም በዚህ ድንጋይ ላይ ሊሰበሩ ይቃረባሉ። በመጨረሻው ገቢር ግን ሁለቱ ይታረቃሉ፤ የሚታረቁበትም ቀን አሜሪካ ነጻነትዋን የምታከብርበት ጁላይ 4 ነው። ሲምፎኒው ለመጻተኞች ተሰምቶ ካበቃ በኋላ ዴቪድና ቬራ በቤቱ ጣራ ላይ ቆመው ፀሐይ ስትጠልቅ ያያሉ፤ ዴቪድም የሰማዩን ቅላት እንደ ማቅለጫ እሳት ቈጥሮ፥ የዓለም ዘር ሁሉ በዚህ ማሰሮ ቀልጦ አንድ አዲስ ሕዝብ እንደሚሆን ይናገራል። በሩቅ የአገር መዝሙር ይሰማል፤ የነጻነት ሐውልት ችቦ ይበራል፤ መጋረጃውም ይወርዳል።

ብዙዎች ከዚህ ተውኔት የሚያስታውሱት ይህንኑ የጣራ ላይ ንግግር ነው፤ የተውኔቱ ስም የአንድ አሳብ ስም ሆኖ እስከ ዛሬ መኖሩም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ድርሰቱ በጥንቃቄ ሲነበብ፥ በጣራው ላይ የተባለውና በእልፍኙ ውስጥ የታየው አንድ አይደሉም። እውነተኛው ነገር ያለው በእልፍኙ ነው።

በእልፍኙ ውስጥ የአጎትየው እናት፥ አሮጊቷ ኪሃኖ፥ አለች። ቋንቋዋ አሁንም ያመጣችው ቋንቋ ነው፤ በአዲሱ አገር እንጀራ ፍለጋ ሰንበት መሻሩን እያየች ታዝናለች። በዚያው ቤት ካትሊን የምትባል አየርላንዳዊት የካቶሊክ ሠራተኛ አለች፤ መጀመሪያ የሥጋውንና የቅቤውን ሳሕን መለያየት እንደ እብደት ቈጥራ ስታጒረመርም ትታያለች። በሁለተኛው ገቢር ግን ፉሪም በተባለው የአይሁድ በዓል፥ ይህችው ካትሊን የካርቶን አፍንጫ አድርጋ ስትቦርቅ ትገኛለች። ማንም አላዘዛትም፤ ንግግር ያደረገላትም የለም። አብራ በልታ፥ አብራ እሳት አንድዳ፥ አሮጊቷ ስታለቅስ አይታ፥ በዓሉ ሳታውቀው የእርስዋም ሆነ። ካቶሊክነትዋን ግን አልተወችም። ሰው ወደ ሌላው በዓል የሚገባበት መንገድ ከዚህ ይልቅ በእውነት የተሣለበት ስፍራ በተውኔቱ ውስጥ የለም፤ ደራሲው ግን ይህን ለሣቅ ብቻ አውሎት ያልፋል።

በአንጻሩ ደግሞ በአገሩ የተወለደው ባለጸጋ ዴቨንፖርት አለ። ይህ ሰው አውሮፓን በመናፈቅ ሀብቱን የሚበትን፥ የአገሩን ነገር የሚንቅ ሰው ነው። በዚህ ዛንግዊል የተናገረው ቁም ነገር አለ፤ ለአገር በዓል ባይተዋር የሚሆነው ሁልጊዜ መጻተኛው አለመሆኑን፥ የተወለደበትም ሰው ለበዓሉ እንግዳ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

የድርሰቱ ጉድለት የሚታየው ከጣራው ላይ ሲወጣ ነው። ደራሲው የመጨረሻውን ገቢር ሲያውጅ ቀኑ ቅዳሜ፥ ጁላይ 4 መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ በዚያ ቀን ሁለት በዓላት ተገናኝተዋል፤ የአሮጊቷ ሰንበትና የአገሪቱ የነጻነት ቀን። ለተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ዕድል አይገኝም። ዳሩ ግን በመዝጊያው ንግግር ለሰንበት የተተወ አንድ ቃል የለም። ለኪሽንየቭ ሙታንም እንዲሁ። ዴቪድ ወደ አዲሱ ቀን የሚገባው ሙታኑን ከኋላው ጥሎ ነው፤ ዕርቁ የሚፈጸመውም ፍርድ ተሰጥቶ ወይም ልቅሶ ተለቅሶ ሳይሆን ፀሐይዋ አምራ ስለ ጠለቀች ነው። የሙት ልጅ ጩኸት በሦስተኛው ገቢር ተመልካቹን ካስደነገጠው በኋላ፥ በአራተኛው ገቢር እንዲህ በቀላሉ መርገቡ የጥበብ ድካም ብቻ አይደለም፤ የአሳብም ድካም ነው። አገሪቱ ለመጻተኛው በዓልዋን ስትሰጠው ዋጋው መርሳት ነው ማለት ነውና።

የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ ድርሰቱ ራሱ ለዚህ አሳብ መልስ በውስጡ መያዙ ነው። ዴቪድ የሙዚቃ ደራሲ እንጂ አንጥረኛ አይደለም። ሲምፎኒ መሣሪያዎችን አያቀልጥም፤ ዋሽንቱ ዋሽንት፥ ከበሮውም ከበሮ ሆኖ ካልቀረ ሙዚቃው ይጠፋል። ስለዚህ የተውኔቱ ርእስ ማሰሮውን መረጠ፥ የተውኔቱ ታሪክ ግን ኦርኬስትራውን ሠራ። ይህን ልዩነት በግልጥ ያወጣው ሆረስ ካለን ነው፤ እሱም በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ሲሆን፥ በ1915 ዓ. ም. የማቅለጫውን አሳብ ተቃውሞ በጻፈው ድርሰት ሕዝቦችን በኦርኬስትራ መሣሪያዎች መስሏቸዋል። ምሳሌው ከማሰሮው ይሻላል፤ ነገር ግን ማን ድርሰቱን እንደሚጽፍና ማን በትሩን ይዞ እንደሚመራ አይናገርም። ዛንግዊልም ቢሆን በ1914 ዓ. ም. ለድርሰቱ በጨመረው የመዝጊያ ጽሑፍ፥ መዋሐድ ማለት ደካማው ለብርቱው መገዛት ሳይሆን ሁሉም የሚሰጥበትና ሁሉም የሚቀበልበት ነገር እንደ ሆነ አስረድቷል። ይህ ትርጓሜ ከካትሊን የካርቶን አፍንጫ ጋር ይስማማል፤ ከጣራው ላይ እሳት ጋር ግን አይስማማም። ደራሲው ዘግይቶም ቢሆን ወደ እልፍኙ ተመልሷል።

ሕዝብና መንግሥት ግን የያዙት ጣራውን ነው። በ1915 ዓ. ም. ጁላይ 4 ቀን ከ100 በሚበልጡ የአሜሪካ ከተሞች «የአሜሪካዊነት ቀን» ተብሎ ለአዳዲስ ዜጎች በዓል ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት በዲትሮይት ከተማ የፎርድ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚማሩበት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ባዘጋጀው ትርኢት፥ ተመራቂዎቹ የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው ወደ አንድ ትልቅ ማሰሮ ገብተው፥ የአሜሪካ ልብስ ለብሰው ትንሽ ባንዲራ እያውለበለቡ ወጡ። በ1918 ዓ. ም. ጁላይ 4 ቀን ደግሞ በጦርነቱ መካከል ከ30 የሚበልጡ ብሔረሰቦች መልእክተኞች ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን መቃብር ሄደው አበባ አኖሩ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በእውነት የተደሰቱ ብዙዎች እንደ ነበሩ መጠራጠር አይገባም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ታማኝነት ደጁን ክፍት አላደረገም፤ በ1924 ዓ. ም. የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ አገር የሚፈቀደውን ቁጥር በ1890 ዓ. ም. ቈጠራ ከተገኙት የዚያ አገር ተወላጆች ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ አድርጎ፥ የዴቪድ ኪሃኖ ወገኖች የሚመጡበትን መንገድ አጠበበው። በበዓል መገኘት የታማኝነት መለኪያ ከሆነ፥ መለኪያውን የሠራው ራሱ ያላከበረው መለኪያ ነበረ ማለት ነው።

ለዚህ ነገር በኢትዮጵያ ልማድ ያለው የበዓል አከፋፈል ብርሃን ይሰጣል። የግዝት በዓል አለ፤ ሰው ሥራውን የሚፈታው ስለ ተገዘተ ነው። ዝክርም አለ፤ ሰው የራሱን መሶብና የራሱን ጋን ይዞ፥ በራሱ ስእለት፥ ስለ ራሱ ሙታንና ስለ ራሱ መዳን የሚያደርገው ነው። ሁለቱም የሚደረጉት በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ የልባቸው ነገር ግን ይለያያል። መንግሥት ለመጻተኛ ሊያዝዝለት የሚችለው የግዝቱን ክፍል ብቻ ነው። ዝክሩን ግን መጻተኛው ራሱ ካላመጣው ማንም አያመጣለትም፤ የሚያመጣውም ደግሞ በገዛ መሶቡ ነው።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ የተገኘው አሜሪካ ደጅዋን ባጠበበችበት በዚያው በ1924 ዓ. ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ከእልቂት የተረፉ የአርመን ሙት ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው፥ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ መዝሙሩም በ1930 ዓ. ም. ኖቬምበር 2 ቀን በዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ መንግሥት ፍጻሜም ሲዘመር ኖረ። እልቂት ያየ ሙዚቀኛ ለተቀበለው አገር ታላቅ ቀን ዜማ ሲደርስ፥ ዛንግዊል በ1908 ዓ. ም. በአሳብ የፈጠረው ነገር በሌላ ምድር በእውነት ተፈጸመ።

ነገር ግን የተፈጸመው ተውኔቱ እንደሚለው አይደለም። በመጀመሪያ፥ አርባ ልጆች የመጡት በውል ተቀጥረው ነው፤ በበዓል ቀን የሚነፉት መለከት ሥራቸውና እንጀራቸው ነበር። ዴቪድ በጣራው ላይ የሚያናፍሰው ስሜት ከእንጀራ የራቀ ነው፤ እነርሱ ግን የአገሩን በዓል ያወቁት ከውስጥ፥ በላባቸው ነው፤ ለዚህም ታማኝነታቸው አያንስም። ሁለተኛ፥ አርመኖች በአዲስ አበባ አልቀለጡም። ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠርተው፥ ልጆቻቸውን በቋንቋቸው አስተማሩ። የእምነታቸው ቅርበት ከባለ አገሩ ጋር ቢያዛምዳቸውም፥ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን ስታከብር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ቀን ታከብራለች፤ ይህን ልዩነት ማንም ወገን ለማጥፋት አልደከመም። የአርመን ሕዝብ በየዓመቱ ኤፕሪል 24 ቀን ሙታኑን ያስባል። የዘውዱን ቀን ያሳመረው ዜማ የመጣው ይህን የሐዘን ቀን ከማይረሱ ሰዎች ነው እንጂ ከረሱት አይደለም።

ዛንግዊል ለተወለደበት ሕዝብ ይበልጥ የቀረበ ሌላ ምሳሌ ደግሞ አለ። የኢትዮጵያ አይሁድ፥ ቤተ እስራኤል፥ ዮም ኪፑር ካለፈ በ50ኛው ቀን ስግድን ያከብራሉ። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ከሕዝቡ ጋር ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ በግእዝ ይነበባል፤ ፊት ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይጸለያል፤ ከጾሙ በኋላም ወርደው በደስታ ይበላሉ። በ1984 እና በ1985፥ ኋላም በ1991 ዓ. ም. አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል በተወሰደ ጊዜ ከባድ ጥያቄ ተነሣ፤ ኢየሩሳሌምን የሚናፍቅ በዓል በኢየሩሳሌም ተቀምጠው እንዴት ይከበራል? እንደ ማሰሮው አሳብ ቢሆን ኖሮ ናፍቆቱ ተፈጽሟልና በዓሉ ይቅር ነበረ። ቄሶቹ ግን ኢየሩሳሌምን ከፊት ለፊት በሚያሳየው ከፍታ ላይ ቆመው ማንበብ ቀጠሉ። በ2008 ዓ. ም. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አደረገው። በዚህ መጻተኛው ወደ አገሩ በዓል መግባቱ ብቻ ሳይሆን፥ አገሩም ወደ መጻተኛው በዓል ገባ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በሱዳን በኩል ሲጓዙ በረሃብ፥ በበሽታና በሽፍታ እጅ ያለቁት ቤተ እስራኤል 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። እነዚህ ሙታን የሚታሰቡት ኢየሩሳሌም በ1967 ዓ. ም. የተያዘችበት «የኢየሩሳሌም ቀን» በሚከበርበት ዕለት፥ ለእነርሱ በቆመው መታሰቢያ ዘንድ በሄርዝል ተራራ ነው። ባለ አገሩ ድሉን በሚያስብበት ቀን መጻተኛው ሳይደርሱ የቀሩትን ወገኖቹን ያስባል፤ ቀኑም አንድ ነው፤ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ዛንግዊል በጣራው ላይ ሊያደርገው ይገባ የነበረ፥ ሳያደርገውም የቀረ ነገር ይህ ነው፤ የኪሽንየቭን ሙታን ወደ ጁላይ 4 ቀን ይዞ መግባት።

ይህ ማለት ግን በዓል በሕግ በመታወቁ ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ ማለት አይደለም። ስግድ በሕግ ከታወጀ በኋላም በ2015 እና በ2019 ዓ. ም. የቤተ እስራኤል ወጣቶች የፖሊስን በደል በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል። በበዓል ቀን ሹማምንት መጥተው ንግግር ማድረጋቸው ለክብር ነው፤ በማግስቱ በመንገድ ላይ ያለው አያያዝ ካልተለወጠ ግን ክብሩ የአንድ ቀን ክብር ሆኖ ይቀራል። የመጻተኛ ታማኝነት በበዓል ሲጠየቅ የባለ አገሩም ታማኝነት በአዘቦት ሊጠየቅ ይገባል።

የመጨረሻው ምሳሌ በሻሸመኔ የሚገኘው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ በዓለም ለተበተኑ ጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ተቀምጠዋል። ኖቬምበር 2 እና ጁላይ 23፥ የዘውዱና የልደቱ ቀኖች፥ በ1974 ዓ. ም. ዘውዱ ሲወርድ ከአገሪቱ በዓላት ተሰርዘዋል፤ መጻተኞቹ ግን እስከ ዛሬ ያከብሩአቸዋል። ባለ አገሩ የተወውን በዓል መጻተኛው ጠብቆ ሲገኝ፥ ታማኝነቱ ለማን ነው? ለመንግሥት እንዳልሆነ ግልጥ ነው፤ ያከበሩት በግዝት ሳይሆን በስእለት ስለ ሆነ የግዝቱ መነሣት አልነካቸውም። መንግሥትም በ2017 ዓ. ም. ለእነዚህ ሰዎች የመታወቂያ ወረቀት ለመስጠት ሲወስን፥ የተሰረዙትን ቀኖች ማክበራቸውን እንቅፋት አላደረገባቸውም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አጠገብ ሲቀመጥ የዛንግዊል ተውኔት ዋጋው አይጠፋም። መጻተኛን የሚንቁ ብዙዎች በነበሩበት ዘመን፥ የሙት ልጅ የሆነ ስደተኛ ከተወላጁ ባለጸጋ ይልቅ አገርን ሊወድ እንደሚችል በመድረክ ማሳየቱ የድፍረት ሥራ ነበር። ያጐደለው ግን የታማኝነትን ልክ መጻተኛው ከራሱ ባወጣው ነገር መስፈሩ ነው። አርባ ልጆችም፥ የስግድ ቄሶችም፥ የሻሸመኔ ሰዎችም የሚመሰክሩት ሌላ ነው፤ መጻተኛ የተቀበለውን አገር በዓል የራሱ የሚያደርገው የራሱን መሶብ፥ የራሱን ዜማና የራሱን ሙታን ይዞ ሲገባበት ነው። ባዶ እጁን እንዲመጣ የሚጠየቅ ሰው ቢመጣም እንግዳ ሆኖ ይመጣል፤ እንግዳ ደግሞ ምንም ቢከበር በዓሉ ሲያልቅ ተሰናብቶ የሚሄድ ነው። በዚያ ቅዳሜ ማታ ዴቪድ በመዝጊያው ንግግሩ ስለ አሮጊቷ ኪሃኖና ስለ ሰንበቷ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ፥ ተውኔቱ ማሰሮ የሚባል ስም ባላስፈለገው ነበር።